ሰዓቱ፣ ትራንስክሪፕቱና ሂሳቡ፦ በአሜሪካ ለኮሌጅ ቡድን የሚሮጡ ልጆችና ወላጆች ጥያቄ

በዚህ እትም ከመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም የረጅም ርቀት ሯጮችን ይመለከታሉ። ሩጫ ከሌሎች ስፖርቶች የሚለይበት ትልቅ ነገር አለ፤ ሰዓቱ ራሱ ይናገራል። አሰልጣኝ ለማሳመን ቪዲዮ ማቀናበርም፣ ሰው መለመንም አያስፈልግም። ያም ሆኖ ጥሩ ሰዓት ያላቸው ልጆች ሰው ይፈልጋቸዋል ብለው ሲጠብቁ ጊዜው ሲያልፍባቸው እናያለን። መልሳችን ረዘም ያለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። 3200 ሜትር በ9:38፣ 1600 ሜትር በ4:27 ይሮጣል። አሰልጣኙ ጎበዝ ነው ይለኛል፤ እስካሁን ግን ከአንድም ኮሌጅ የጻፈልን የለም። መጀመር ያለብን እኛ ነን ወይስ እነሱ? (አባት፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ መጀመር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ በትክክል ለመናገር፣ ልጁ ራሱ ነው።

የእስካሁኑ ዝምታ ብዙ አያሳስብዎት። ኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ትልቁ ማኅበር) ኮሌጆችን ዲቪዚዮን 1፣ 2 እና 3 ብሎ ይከፍላል። የዲቪዚዮን 1 አሰልጣኝ በዚህ ስፖርት ልጁን ስለ ምልመላ ማነጋገር የሚችለው 10ኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት መጠይቅና የካምፕ ማስታወቂያ መላክ ይፈቀድለታል፤ ስልክ መደወል፣ ቴክስት ማድረግና በኢሜይል ስለ ቡድኑ ማውራት ግን አይችልም። አሰልጣኙን ለማግኘት ኮሌጁን መጎብኘት የሚቻለው ደግሞ ከ11ኛ ክፍል በፊት ካለው ኦገስት 1 ጀምሮ ነው። ዲቪዚዮን 2 ሁሉንም ነገር በዚያው ጁን 15 ይከፍታል። ዲቪዚዮን 3 በኢሜይልና በስልክ ረገድ ልቅ ነው፤ ኮሌጁ ወጪውን የሚሸፍነው ጉብኝት ግን ከ11ኛ ክፍል ጃንዋሪ 1 በኋላ ነው። ኤንኤአይኤ በሚባለው ሌላው ማኅበር ሥር ያሉ ኮሌጆች እንዲህ ያለ የቀን ገደብ የለባቸውም ማለት ይቻላል።

ገደቡ የታሰረው በአሰልጣኙ ላይ ነው። ልጁ ዛሬ ማታ መጻፍ ይችላል። አሰልጣኙ አንብቦ ስሙን ይመዘግባል፤ ቀኑ ሲደርስ የሚደውለው ለተመዘገቡት ነው። ስለዚህ ከአሁን እስከ ጁን 15 ድረስ ከ25 እስከ 30 ኮሌጅ ለይቶ በእያንዳንዱ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የምልመላ መጠይቅ ይሙላ፤ ከዚያም ለአሰልጣኙ በስሙ ይጻፍ። በቡድኑ የሠራተኞች ገጽ ላይ የረጅም ርቀት ኃላፊው ለብቻው ተጠቅሶ ከሆነ ዋናውን አሰልጣኝ ትቶ ለእሱ ይጻፍ። በትልልቅ ቡድኖች ዋናው አሰልጣኝ የውርወራ ወይም የአጭር ርቀት ሰው ሊሆን ይችላል።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ይዘቱ ግን ይህን ይመስላል። የኢሜይሉ ርዕስ፦ «የ2028 ተመራቂ፣ 3200 በ9:38፣ 1600 በ4:27፣ ጂፒኤ 3.7፣ ሜሪላንድ»። ብዙ አሰልጣኞች ይህን አንድ መስመር አይተው ነው ኢሜይሉን መክፈት አለመክፈታቸውን የሚወስኑት። ቀጥሎ፦ «አሰልጣኝ እገሌ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት 3200 ሜትር በ9:38.4 ሮጫለሁ፤ የዛሬ ዓመት 10:12 ነበርኩ። በሳምንት 35 ማይል ገደማ እሮጣለሁ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ የእናንተን ኮሌጅ ከመረጥኩባቸው ምክንያቶች አንዱ እሱ ነው። የውጤት ገጼ ሊንክና ትራንስክሪፕቴ (የትምህርት ውጤት ማስረጃዬ) ተያይዘዋል። በ2028 ስንት የረጅም ርቀት ሯጭ ለመቀበል አስባችኋል? በሜይ መጨረሻ በስቴት ሻምፒዮና 3200 እሮጣለሁ፤ ውጤቱን እልክላችኋለሁ።» በዚህ ያብቃ። «ከ10:12 ወደ 9:38» የሚለው ከሰዓቱ እኩል ዋጋ አለው። የሳምንቱ ማይል መጠን ደግሞ ልጁ ገና ምን ያህል ሊያድግ እንደሚችል ይነግራል፤ በ35 ማይል 9:38 የሚሮጥ ልጅ በ70 ማይል 9:38 ከሚሮጠው ይበልጥ የአሰልጣኝን ዓይን ይስባል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፦ አንዱን ደብዳቤ ገልብጦ የሌላ ኮሌጅ ስም ሳይቀይሩ መላክ፤ በሪሌይ (በዱላ ቅብብል) የተሮጠን ሰዓት እንደ ግል ውድድር መጻፍ፤ 1600ን «ማይል» ብሎ መጥራት። ማይል 1609 ሜትር ስለሆነ 4:27 የሚሮጥ ልጅ ማይሉን በ4:28.5 ገደማ ነው የሚጨርሰው፤ በ3200ና በሁለት ማይል መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ3 ሰከንድ ያልፋል። አሰልጣኙ ውጤቱን አትሌቲክ ዶት ኔት ወይም ማይልስፕሊት በሚባሉት የሃይስኩል ውጤት ድረ ገጾች ላይ ስለሚያጣራ የተጋነነ ሰዓት በደቂቃ ውስጥ ይታወቅበታል። አባት በልጁ ስም መጻፉም ሌላው ስህተት ነው። እርስዎ ደብዳቤውን አንብበው ያርሙለት፤ ላኪው ግን እሱ ይሁን። አሰልጣኙ አራት ዓመት አብሮት የሚኖረውን ልጅ ነው ማወቅ የሚፈልገው።

መልስ ካልመጣ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ አንድ ጊዜ ያስታውስ። ከዚያ በኋላ የሚጽፈው አዲስ ነገር ሲኖረው ብቻ ይሁን፤ የተሻሻለ ሰዓት ወይም አዲስ የትምህርት ውጤት ሲገኝ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። 1600 በ5:08፣ 3200 በ11:05፣ 5 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ በ18:50 እሮጣለሁ። የትኛው ደረጃ ያለ ኮሌጅ ይፈልገኛል? (ተማሪ፣ ሚኔሶታ)

መልስ፦ ኢንተርኔት ላይ የምታገኚያቸውን «የምልመላ መለኪያ» ሰንጠረዦች ለመነሻ ያህል እያቸው እንጂ አትመኚባቸው። በአንድ ዲቪዚዮን ውስጥ ባሉ ሁለት ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ዲቪዚዮኖች መካከል ካለው ሊበልጥ ይችላል። ራስሽ ለክተሽ የምታገኚው መልስ የበለጠ እውነት ነው፤ ለአንድ ኮሌጅ 20 ደቂቃ ይበቃል።

መጀመሪያ ሰዓትሽን ወደ ኮሌጅ ርቀት ቀይሪ። ኮሌጅ ውስጥ 1600ና 3200 የለም፤ ከቤት ውጭ በሚሮጠው ትራክ 1500፣ 5000፣ 10,000 እና 3000 መሰናክል ነው ያለው። የአንቺ 5:08 በ1500 ወደ 4:47 ወይም 4:48 ይጠጋል። 11:05 ደግሞ በ5000 ሜትር ከ17:45 እስከ 17:55 አካባቢ ያደርስሻል። ይህ ግምት ነው፤ ለአሰልጣኝ በፍጹም እንደ ውጤት አትላኪው።

ከዚያ ቲኤፍአርአርኤስ የሚባለውን የኮሌጅ ውጤቶች ድረ ገጽ ክፈቺና የኮሌጁ ቡድን የሚወዳደርበትን ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ኮሌጆች ስብስብ) ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮና ፈልጊ። በ5000 ሜትር 8ኛ የወጣችውን ልጅ ሰዓት እይ። ስምንተኛዋን የምንልሽ በኮንፈረንስ ሻምፒዮና ብዙውን ጊዜ ነጥብ የሚያገኙት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ስለሆኑ ነው፤ አሰልጣኝ የሚፈልገው ነጥብ የምታመጣ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ልታመጣ የምትችል ልጅ ነው። የስምንተኛዋ ሰዓት 15:50 ከሆነ ያ ኮሌጅ ዛሬ ለአንቺ ሩቅ ነው። 17:50 ከሆነ አንደኛ ዓመት ላይ ነጥብ ልታመጪ ትችያለሽ።

ሦስተኛው እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። በቡድኑ ውስጥ አሁን አንደኛ ዓመት ያሉትን ልጆች ስም ውሰጂና ሃይስኩል እያሉ የሮጡትን አትሌቲክ ዶት ኔት ላይ ፈልጊ። አምስት ልጆች ካየሽ አሰልጣኙ በእርግጥ ምን ዓይነት ሰዓት እንደሚቀበል ታውቂያለሽ። እዚያው ሳለሽ ከአራት ዓመት በፊት አንደኛ ዓመት የነበሩትን ፈልጊ። ስንቶቹ ዛሬም ይሮጣሉ? ሰዓታቸው ተሻሽሏል ወይስ ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ስማቸው ጠፍቷል? ከስድስት ልጅ ሁለት ብቻ የቀሩበት ቡድን ካጋጠመሽ ምክንያቱን በጉብኝት ጊዜ ሯጮቹን ራሳቸውን ጠይቂ። ከማንኛውም የአሰልጣኝ ንግግር ይልቅ ይህ ገጽ ስለ ቡድኑ ይነግርሻል።

በጥቅሉ እንድንገምትልሽ ካልሽ፦ ትልልቆቹ የዲቪዚዮን 1 ቡድኖች በ3200 ከ10:30 በታች የሚሮጡትን ነው የሚፈልጉት። አንቺ ዛሬ ባለሽ ሰዓት በብዙ የዲቪዚዮን 3 ቡድኖች፣ በዲቪዚዮን 2ና በኤንኤአይኤ በደንብ ትታያለሽ፤ አነስተኛ የዲቪዚዮን 1 ቡድኖችም ሊያነጋግሩሽ ይችላሉ። የአገር አቋራጩን 18:50 ከኮርሱ ስም ጋር ጻፊው። ኮረብታና ጭቃ ያለበት 18:50 ሜዳ ላይ ከተሮጠ 18:10 ሊበልጥ እንደሚችል አሰልጣኞች ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው ይበልጥ የትራክ ሰዓት የሚያምኑት። የ11ኛ ክፍል የስፕሪንግ ትራክሽ ከሁሉም ውድድሮችሽ የበለጠ ክብደት አለው። ስለዚህ በየሳምንቱ አራት ውድድር ከመሮጥ ይልቅ ከአሰልጣኝሽ ጋር ተነጋግራችሁ ሁለት ወይም ሦስት ፈጣን 3200 ምረጡ፤ ጥሩ ተፎካካሪ ያለበት፣ ማታ ቀዝቀዝ ሲል የሚሮጥ ይሁን።

ጥያቄ፦ ሰው ሁሉ «ልጅሽ ከሮጠ ሙሉ ስኮላርሺፕ ያገኛል» ይለኛል። እውነት ነው? (የሁለት ልጆች እናት፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ለጥቂቶች እውነት ነው። ለአብዛኞቹ ሯጮች ግን ገንዘቡ የሚመጣው ከአትሌቲክስ ብቻ ሳይሆን ከሦስት ቦታ ተቃርሞ ነው፤ ከአትሌቲክስ፣ ከትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ ላይ ከተመሠረተ እርዳታ።

ለብዙ ዓመታት አንድ የዲቪዚዮን 1 ኮሌጅ ለወንዶች ትራክና አገር አቋራጭ በአንድ ላይ 12.6፣ ለሴቶች 18 ስኮላርሺፕ ነበር የሚፈቀድለት። ያ ቁጥር ለሯጭ፣ ለዘላይና ለወርዋሪ ሁሉ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ አንድ ልጅ ሩብ ወይም ሲሶ ማግኘቱ የተለመደ ነው። በኮሌጅ አትሌቶችና በኤንሲኤኤ መካከል ተደርጎ በጁን 2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ይህን ለውጦታል። ስምምነቱን የተቀበሉ ኮሌጆች የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ ተነስቶላቸው በምትኩ የቡድን ብዛት ገደብ ተጥሎባቸዋል፤ ለአገር አቋራጭ 17፣ ለትራክ 45። ሀብታም ኮሌጅ ከፈለገ ለ17ቱም ሙሉ መክፈል ይችላል። መቻልና ማድረግ ግን ለየቅል ነው፤ ብዙ ኮሌጆች በጀታቸውን አልጨመሩም። ጉዳቱ የሚያርፈው ያለ ስኮላርሺፕ ቡድን ውስጥ ይገቡ በነበሩት ልጆች ላይ ነው፤ ቦታው ተቆጥሯልና።

ዲቪዚዮን 3 የአትሌቲክስ ስኮላርሺፕ አይሰጥም። አይቪ ሊግ የሚባሉት ስምንቱ ኮሌጆችም ዲቪዚዮን 1 ውስጥ ሆነው አይሰጡም። ወላጆች ይህን ሲሰሙ ወዲያው ከዝርዝራቸው ያወጧቸዋል። መጨረሻ የሚወጣው ሂሳብ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ያህል እንበል፦ አንደኛው ኮሌጅ ዲቪዚዮን 1 ነው፤ የዓመት ጠቅላላ ወጪው 62,000 ዶላር፣ የአትሌቲክስ እርዳታው ሩብ ማለትም 15,500፣ የትምህርት ውጤት እርዳታው 8,000። እርስዎ 38,500 ይከፍላሉ። ሁለተኛው ዲቪዚዮን 3 ነው፤ ወጪው 84,000፣ በቤተሰብ ገቢ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጠው እርዳታ 61,000። የሚቀርብዎት 23,000 ነው። ሦስተኛው የስቴታችሁ የመንግሥት ኮሌጅ ነው፤ ወጪው 28,000፣ እርዳታው 6,000፣ ልጁም ያለ ስኮላርሺፕ ይሮጣል። እዚህ 22,000 ይቀራል። «ስኮላርሺፕ ሰጠን» ያለው ኮሌጅ ከሦስቱ ውዱ ሆኖ አረፈ።

ስለዚህ ከአሰልጣኝ ጋር ስለ ገንዘብ ከመነጋገርዎ በፊት በእያንዳንዱ ኮሌጅ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የወጪ ማስያ ይሙሉት፤ ኮሌጆች እንዲያቀርቡት በሕግ የተገደዱበት ነው። የታክስ ወረቀትዎን ይዘው ከተቀመጡ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የሚመጣልዎትን የእርዳታ ደብዳቤ ሲያነቡ ደግሞ ብድርና ተማሪው ሠርቶ የሚያገኘው ገንዘብ እንደ ስጦታ ተደምሮ እንዳይሸውድዎት ለይተው ያውጡት። ሌላም የሚጠየቅ አለ፦ «የአትሌቲክስ እርዳታ ብንጨምርለት ሌላው ይቀነሳል ወይ?» አንዳንድ ኮሌጅ በአንድ እጁ ሰጥቶ በሌላው ይወስዳል።

ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የገንዘብ እርዳታ ቅጽ 12ኛ ክፍል ሲጀመር እንደተከፈተ ይሙሉ። ለዜጎች ብቻ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የተፈቀደለት ልጅም መሙላት ይችላል። ብዙ የግል ኮሌጆች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሁለተኛ ቅጽም ይፈልጋሉ፤ ቀኑ ካለፈ ገንዘቡም አብሮ ሊያልፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ አንድ የምልመላ ድርጅት 3,000 ዶላር ከፈላችሁ ልጃችሁን ከኮሌጆች ጋር እናገናኛለን አለን። እንክፈል? (ወላጆች፣ ቴክሳስ)

መልስ፦ አትክፈሉ። ለእግር ኳስ ወይም ለቅርጫት ኳስ ስለሚደረገው አንናገርም፤ በረጅም ርቀት ሩጫ ግን ሰዓቱ በነፃ ለሁሉም ይታያል፣ የአሰልጣኞቹ ኢሜይል በኮሌጆቹ ድረ ገጽ ላይ አለ። ድርጅቱ በጅምላ የሚልከውን ኢሜይል አሰልጣኞች ከልጁ ከተላከው ለይተው ያውቁታል። በዚያ ገንዘብ ሁለት ሦስት ኮሌጅ ሄዳችሁ ብታዩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንድ አሰልጣኝ ለልጄ ስልክ ደውሎ «ቦታ አለህ፣ እንፈልግሃለን» ብሎታል። ልጁ በደስታ ሌሎቹን ኮሌጆች መመለስ አቁሟል። ልክ ነው? (አባት፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ ደስ ይበላችሁ፤ ሌሎቹን ግን አያቁም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ። የቃል ስምምነት ልጁንም አሰልጣኙንም በሕግ አያስርም። አሰልጣኝ ሥራ ይለቃል፤ ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወር የ21 ዓመት ሯጭ ይመጣል፤ በጀት ይቀነሳል። ድሮ ልጁ ይፈርመው የነበረው ብሔራዊ የፍላጎት ደብዳቤ በኦክቶበር 2024 ተሽሯል። ዛሬ የሚያስተማምነው በኮሌጁ የተፈረመ የገንዘብ እርዳታ ስምምነት ነው። ስለዚህ «ቦታ አለህ» ሲባል ልጁ በትህትና ይጠይቅ፦

«ቦታ ማለት በቡድኑ ዝርዝር ውስጥ መግባት ነው ወይስ ገንዘብም አለው? ስንት፣ ለስንት ዓመት? ብጎዳ ወይም ሰዓቴ ባይሻሻል እርዳታው ይቀጥላል? በጽሑፍ የሚደርሰኝ መቼ ነው? በዚህ ዓመት ስንት የረጅም ርቀት ሯጭ ትቀበላላችሁ፣ እኔ ስንተኛ ነኝ?» የመጨረሻው ከበድ ይላል፤ ቀና አሰልጣኝ ግን በግልጽ ይመልሳል። መልሱ ተድበስብሶ ከቀረ እሱም መልስ ነው። ከስልኩ በኋላ ልጁ የዚያኑ ዕለት አጭር ኢሜይል ይላክ፤ «ዛሬ የተነጋገርነውን በትክክል ተረድቼ እንደሆነ፦ ...» ብሎ ይዘርዝረው። አሰልጣኙ «አዎ» ብሎ ከመለሰ ቢያንስ የተባለው ነገር ተጽፏል።

መግቢያው ከባድ የሆነ ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ አሰልጣኙ አስገቢ እንዳልሆነ ይወቁ። ተቀባዩ የአድሚሽን ቢሮ ነው። በብዙ የዲቪዚዮን 3 ኮሌጆች 11ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ከጁላይ 1 ጀምሮ አሰልጣኙ ትራንስክሪፕቱን ለቢሮው አስቀድሞ ያሳያል፤ ይህ ቅድመ ንባብ ይባላል። የቢሮው አስተያየት ጥሩ ከሆነ አሰልጣኙ ልጁን «ኧርሊ ዲሲዥን አመልክት» ይለዋል፤ ቀኑ ብዙ ጊዜ ኖቬምበር 1 ወይም 15 ነው። ይህ አስገዳጅ ማመልከቻ ነው፤ ከተቀበሉት እዚያ ይገባል፣ ሌሎቹን ይሰርዛል፤ መውጫ የሚኖረው ዋጋው ለቤተሰቡ የማይቻል ሲሆን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የወጪ ማስያውን ሳይሞሉና ቅድመ ንባቡ በተጨባጭ ምን እንዳለ ሳይጠይቁ በችኮላ እንዳይገቡበት። «አድሚሽን ቢሮው ትራንስክሪፕቴን አይቶታል ወይ? ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 9ኛ ክፍልን ኢትዮጵያ ተምራ ነው የመጣችው፤ 10ኛን እዚህ ኢኤስኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት) ክፍል ውስጥ ጀመረች። በሩጫ ጎበዝ ናት። ትምህርቷ ያስኬዳታል? (እናት፣ ዋሽንግተን ስቴት)

መልስ፦ ያስኬዳታል፤ ግን ዛሬውኑ መቁጠር ይጀምሩ። ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚወድቁት ትራክ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ለዲቪዚዮን 1 ተማሪዋ በሃይስኩል 16 ዋና ዋና ኮርስ መጨረስ አለባት፦ እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ ከአልጀብራ 1 ጀምሮ 3፣ ሳይንስ 2፣ ከእነዚህ ከሦስቱ አንድ ተጨማሪ፣ ሶሻል ሳይንስ 2፣ ከተፈቀዱት ውስጥ ሌላ 4። የእነዚህ ኮርሶች አማካይ ውጤት ለዲቪዚዮን 1 ቢያንስ 2.3፣ ለዲቪዚዮን 2 ቢያንስ 2.2 መሆን አለበት። ኤስኤቲና ኤሲቲ የሚባሉት የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች ከ2023 ጀምሮ ለዚህ አይጠየቁም፤ ኮሌጁ ራሱ ሊጠይቅ ግን ይችላል። ወሳኙ ደንብ ይህ ነው፦ ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፣ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። የእነዚያ ሰባት ውጤት 12ኛ ክፍል ሲጀመር ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በመማር ማሻሻል አይቻልም።

የኢኤስኤል ነገር እዚህ ይመጣል። ጀማሪና መካከለኛ የኢኤስኤል ክፍል ብዙውን ጊዜ እንደ እንግሊዝኛ ኮርስ አይቆጠርም። ከፍተኛው ደረጃ ሊቆጠር የሚችለው ትምህርት ቤቱ አስፈቅዶ ከሆነ ነው። የኤንሲኤኤ የብቃት ማዕከል ድረ ገጽ ላይ የትምህርት ቤቷን ስም አስገብተው የጸደቁ ኮርሶችን ዝርዝር ይመልከቱ፤ የኮርሱ ስም በትራንስክሪፕቷ ላይ እንዳለው ካልሰፈረ አልተቆጠረም ማለት ነው። ዝርዝሩን አትመው ለካውንስለሯ ይውሰዱና «በየትኛው ሴሚስተር የትኛውን እንወስዳለን?» ብለው በወረቀት ያስይዙ። አንድ እንግሊዝኛ የጎደላት ልጅ በበጋ ወራት የጸደቀ ኮርስ ወስዳ ማሟላት ትችላለች፤ ይህን በ12ኛ ክፍል ሜይ ላይ ማወቅ ግን ዘግይቷል።

የኢትዮጵያውን የ9ኛ ክፍል ውጤት በማኅተም የተረጋገጠ አድርገው ያስመጡ፤ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ይቀርባል። በማዕከሉ ስትመዘገብም በሁለት አገር መማሯን በትክክል ትሙላ። የልደት ቀኗ በፓስፖርት፣ በትምህርት ማስረጃና በምዝገባው ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አሁን ያረጋግጡ፤ ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲገለበጥ የተፈጠረ የአንድ ቀን ልዩነት እንኳ ፋይሉን ሊያዘገየው ይችላል። ዲቪዚዮን 3 የትምህርት ውጤትን በዚህ ማዕከል በኩል አያጣራም፤ ለትምህርቱ የኮሌጁ መግቢያ ይበቃል። ኤንኤአይኤ የራሱ ምዝገባ አለው።

ጥያቄ፦ ልጃችን 11ኛ ክፍል ናት። የቅልጥም አጥንቷ ላይ ስንጥቅ ተገኝቶ የስፕሪንግ ትራኳን አቋረጠች። ለአሰልጣኞች ብንነግራቸው አይተዋትም? ደግሞ «ትንሽ ብትቀንስ ትፈጥናለች» የሚላት አለ። (ወላጆች፣ ጆርጂያ)

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር። በማደግ ላይ ያለች ልጅ ክብደት እንድትቀንስ የሚመክር ሰው ከእሷ ይራቅ። ከምታቃጥለው ያነሰ የምትበላ ሯጭ ለጥቂት ሳምንታት ትፈጥን ይሆናል፤ ከዚያ ሆርሞኗ ይዛባል፣ አጥንቷ ይሳሳል። ሦስተኛ ወር የወር አበባ የቀረባት ሯጭ ሐኪም ማየት አለባት። በዚህ ጉዳትም ሐኪሟ የአመጋገቧን ሁኔታ፣ ቫይታሚን ዲና ፌሪቲን የሚባለውን የብረት ክምችት እንዲመረምር ጠይቁ። ሴቶች ልጆች በ15 እና በ16 ዓመታቸው ሰውነታቸው ሲለወጥ ሰዓታቸው መቆሙ የተለመደ ነው፤ በደንብ እየበሉ የቆዩት በኮሌጅ ዘመናቸው እንደገና ይሻሻላሉ። ጥሩ አሰልጣኝ ይህን ያውቃል።

ጉዳቱን ንገሯቸው፤ በውጤት ገጿ ላይ ያለው ባዶ ቦታ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ መሮጥ የምትጀምርበትን ቀንና እስከዚያው በውኃ ወይም በብስክሌት ምን እየሠራች እንደሆነ በሦስት መስመር ትጻፍ። የቅልጥም አጥንት ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሩጫ ያስቆማል፤ ስለዚህ የመጪው መኸር አገር አቋራጭ አልጠፋም። የ10ኛ ክፍል ሰዓቷና የመኸሩ ውጤቷ አንድ ላይ ይታዩላታል። አሰልጣኙ ሲመልስላት እሷም ትጠይቀው፦ አንደኛ ዓመት ሴት ልጆች በሳምንት ስንት ማይል ይሮጣሉ? የሥነ ምግብ ባለሙያ አላችሁ? ሯጮቹን ትመዝናላችሁ? ለመጨረሻው «አዎ፣ በየሳምንቱ» ካለ ሌላ ኮሌጅ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ 12ኛ ክፍል ነኝ፣ ኖቬምበር ገብቷል፣ በእጄ ምንም የለም። 1600 በ4:24፣ 3200 በ9:32 እሮጣለሁ። አለቀልኝ? (ተማሪ፣ ኦሃዮ)

መልስ፦ አላለቀም። የዲቪዚዮን 3 ኮሌጆች መደበኛ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚዘጋው በጃንዋሪ መጀመሪያ ወይም አጋማሽ ነው፤ በአንተ ሰዓት ብዙዎቹ ይፈልጉሃል። በዚህ ሳምንት ለ15 ቡድን ጻፍ፤ በርዕሱ ላይ «2026 ተመራቂ፣ ገና አልወሰንኩም» የሚል ጨምርበት። ዲቪዚዮን 2ና ኤንኤአይኤ እስከ ስፕሪንግ ድረስ ቦታና ገንዘብ ሊኖራቸው ይችላል፤ ቃል የገባ ልጅ ሐሳቡን ሲቀይር የተረፈ ማለት ነው። የሁለት ዓመት ኮሌጅም አማራጭ ነው፤ በኤንጄሲኤኤ (የሁለት ዓመት ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር) ሥር ካሉት አንዳንዶቹ ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፣ ክሬዲትህ ግን ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ መዛወሩን ከመመዝገብህ በፊት በጽሑፍ አረጋግጥ።

ያለ ስኮላርሺፕ ዲቪዚዮን 1 ቡድን ውስጥ መግባት ካሰብክ አሰልጣኙን በቀጥታ «ከ17ቱ ቦታ ለእኔ አለ ወይስ መስከረም ላይ በሙከራ ነው?» ብለህ ጠይቀው። ሙከራ ከሆነ የሙከራውን ሰዓት ይንገርህ። ኮሌጁን ያለ ሩጫ ትወደዋለህ ወይ የሚለውን ደግሞ ከዚያ በፊት ከቤተሰብህ ጋር ተነጋገሩበት። በማርችና በኤፕሪል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ውድድሮች ላይ 3200 ሩጥ፤ 9:20 ከገባህ ውጤቱን በዚያው ምሽት መልስ ለሰጡህም ላልሰጡህም አሰልጣኞች ላክ። በኤፕሪል ዝርዝሩን ገና ያልሞላ አሰልጣኝ አለ።